«በዓይኔ በብረቱ አየሁት»፦ የዕይታ ትውስታ ስሕተቶች አቅጣጫና መንስኤ

መግቢያ

በአማርኛ አንድ ሰው የተናገረው ነገር እንዳይጠረጠርበት ሲፈልግ «በዓይኔ በብረቱ አየሁት» ይላል። ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይጣመማል፤ በዓይን የታየ ነገር ግን እንደታየ ይኖራል የሚል እምነት በአባባሉ ውስጥ አለ። ይህ እምነት በዕለት ተዕለት ንግግር ብቻ የሚወሰን አይደለም። በችሎት ፊት የዓይን ምስክር ቃል ከስሚ ስሚ የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል። በመስክ ጥናትም መረጃ ሰጪው «እኔው ራሴ አይቻለሁ» ካለ ተመራማሪው ቃሉን ከሌሎቹ ለይቶ በጥንቃቄ ይመዘግባል።

ባለፉት ዘጠና ዓመታት ገደማ በሥነ ልቦና ሙከራዎች የተገኘው ማስረጃ ይህን እምነት በሁለት በኩል እንድናርም ያስገድዳል። አንደኛ፣ የሰው ልጅ የዕይታ ትውስታ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ሰፊ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ሰፊ ትውስታ ሲሳሳት ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ሁለተኛው ነጥብ ነው።

ልዩነቱን በሚዛን ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ሚዛን አንዴ አብዝቶ አንዴ አሳንሶ ቢመዝን፣ ዕቃውን ደጋግሞ መዝኖ አማካዩን በመውሰድ ወደ እውነተኛው ክብደት መቅረብ ይቻላል። ሁልጊዜ መቶ ግራም የሚጨምር ሚዛን ከሆነ ግን ሺህ ጊዜ ቢመዘንም አማካዩ ያው የተሳሳተ ክብደት ነው። የመጀመሪያው የዘፈቀደ ስሕተት፣ ሁለተኛው ስልታዊ መዛባት ይባላል። የምስክሮች ትውስታ በዘፈቀደ ብቻ የሚሳሳት ቢሆን ኖሮ የምስክሮችን ቁጥር ማብዛት መድኃኒት በሆነ ነበር። መዛባቱ የጋራ ከሆነ ግን አምስት ሰዎች በአንድ ቃል መናገራቸው እውነቱ መገኘቱን አያረጋግጥም። ከዚህ በታች የመዛባቱ ዓይነቶች፣ የተሰጡት ማብራሪያዎች፣ በፍትሕና በምርምር ሥራ ላይ ያላቸው ውጤት በቅደም ተከተል ይቀርባሉ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰፊው ማከማቻና የጎደለው ዝርዝር

ከስሕተቱ በፊት አቅሙን ማየት ይገባል። ሊዮኔል ስታንዲንግ በ1973 ባሳተመው ጥናት ተሳታፊዎች በአምስት ቀናት ውስጥ 10,000 ምስሎችን ለጥቂት ሰከንዶች እያንዳንዳቸውን እንዲመለከቱ አደረገ። በኋላም ቀድሞ የታየና አዲስ ምስል ጎን ለጎን እየቀረበላቸው የታየውን እንዲመርጡ ሲጠየቁ 83 በመቶ ያህል ትክክለኛ መልስ ሰጡ። በ2008 ደግሞ ቲሞቲ ብሬዲና ባልደረቦቹ 14 ሰዎች የ2,500 ቁሳቁሶችን ምስል እያንዳንዱን ለ3 ሰከንድ እንዲያዩ ካደረጉ በኋላ ፈተናውን አከበዱት። የታየውን ቁስ ፈጽሞ ከተለየ ቁስ በመለየት የተገኘው ትክክለኛ መልስ 92 በመቶ ነበር። የታየውን ቁስ ከሌላ የራሱ ዓይነት ቁስ በመለየት 88 በመቶ፣ ያንኑ ቁስ ከተለወጠ አቀማመጡ ወይም ሁኔታው በመለየት ደግሞ 87 በመቶ ተገኘ። ይህ ውጤት ትውስታ ዋናውን ፍሬ ነገር ብቻ ይይዛል፣ ዝርዝሩን ግን ይጥላል የሚለውን የቆየ አስተያየት በእጅጉ አዳክሟል።

በተቃራኒው በኩል የሬይመንድ ኒከርሰንና የማሪሊን አዳምስ የ1979 ጥናት ይገኛል። ሁለቱ ተመራማሪዎች አሜሪካውያን በየቀኑ የሚይዙትን የአንድ ሳንቲም ገንዘብ ከትውስታ እንዲሥሉ 20 ሰዎችን ጠየቁ። በሳንቲሙ ሁለት ገጾች ላይ ካሉት ስምንት ዋና ዋና ገጽታዎች መካከል ተሳታፊዎቹ በቦታቸው ማስቀመጥ የቻሉት በመካከለኛ ግምት ሦስቱን ብቻ ነበር። በሌላ ሙከራ እውነተኛው ሳንቲም ከአሥራ አራት የተሳሳቱ ሥዕሎች ጋር ተቀላቅሎ ሲቀርብ፣ ትክክለኛውን የመረጡት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። አንባቢም ኪሱን ከመፈተሹ በፊት ራሱን ሊጠይቅ ይችላል፦ በእኛ ሳንቲሞች ላይ የተቀረጸው የአንበሳ ራስ የሚመለከተው ወደ ቀኝ ነው ወይስ ወደ ግራ?

እነዚህ ውጤቶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን በሦስት ነጥቦች ይታረቃሉ። የመጀመሪያው የትኩረት ጉዳይ ነው። በብሬዲ ጥናት ተሳታፊዎቹ ዝርዝሩን እንዲይዙ ተነግሯቸው ነበር፤ ሳንቲም የሚቀበል ሰው ግን መጠኑንና ቀለሙን ለይቶ ከከፈለ ይበቃዋል። ደጋግሞ ማየት ብቻውን ትውስታን አያጠነክርም። ሁለተኛው ለይቶ ማወቅና ከባዶ ማስታወስ የተለያዩ ተግባራት መሆናቸው ነው፤ ሁለት አማራጭ ቀርቦለት የሚመርጥ ሰው ያለ ምንም ፍንጭ ከሚሥል ሰው እጅግ የቀለለ ሥራ አለው። ሦስተኛው የአማራጮቹ መቀራረብ ነው። የሳንቲሙ ሐሰተኛ ሥዕሎች የተለዩት በጥቃቅን ዝርዝሮች በመሆኑ ፈተናው እነዚያኑ ዝርዝሮች በቀጥታ የሚለካ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ማከማቻው ሰፊ ቢሆንም ሲከማች ክፍተት እንደሚኖርበት ነው። ጥያቄው አእምሮ ክፍተቱን በምን ይሞላዋል የሚለው ይሆናል።

ክፍተቱን የሚሞላው ቅድመ ዕውቀት

የዚህን ጥያቄ ታሪካዊ መነሻ የጣለው የካምብሪጁ ፍሬድሪክ ባርትሌት ነው። በ1932 ባሳተመው ስለ ማስታወስ በሚናገረው መጽሐፉ ከተጠቀመባቸው ዘዴዎች አንዱ የቅብብሎሽ ዘዴ ነበር። አንድ ሰው ሥዕል አይቶ ከትውስታው ይሥላል፤ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ሰው ሥዕል አይቶ ይሥላል፤ ሦስተኛው የሁለተኛውን፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ከጥንታዊ የግብፅ ጽሕፈት የተወሰደ የጉጉት ምልክት በዚህ መንገድ ሲተላለፍ ቀስ በቀስ ቅርጹ ተለውጦ በመጨረሻ ድመት ሆነ። እያንዳንዱ ሠዓሊ ያልገባውን መስመር ከሚያውቀው ነገር ጋር እያስማማ ሣለ፤ የእያንዳንዱ ለውጥ ጥቂት ነበር፤ የለውጦቹ አቅጣጫ ግን ወደሚታወቀው ነገር ነበር። ባርትሌት ይህን የዕውቀት ማዕቀፍ ስኪማ ብሎ ጠራው። ማስታወስም የተቀመጠን ዕቃ ከመደርደሪያ እንደማውረድ ሳይሆን መልሶ እንደመገንባት ነው ሲል ደመደመ።

በዚያው ዓመት ካርማይክል፣ ሆጋንና ዋልተር የቃልን ኃይል ለመለካት ሞከሩ። ለሁለት ቡድኖች ተመሳሳይ አሻሚ ቅርጾችን ሲያሳዩ ስማቸውን ግን ለያዩት። ለምሳሌ በአጭር መስመር የተያያዙ ሁለት ክቦች ለአንዱ ቡድን «መነጽር»፣ ለሌላው ቡድን «የክብደት ማንሻ ብረት» ተብለው ቀረቡ። በኋላ ከትውስታ ሲሥሉ የመጀመሪያዎቹ ወደ መነጽር፣ ሁለተኛዎቹ ወደ ክብደት ማንሻ የሚያዘነብል ሥዕል አወጡ። ዓይን ያየው አንድ ሆኖ ሳለ እጅ የሣለው ሁለት ሆነ።

ነገር ግን ይህ ውጤት መዛባቱ የተፈጠረው መቼ ነው የሚለውን አይመልስም። ፕሬንቲስ በ1954 ሥዕልን በምርጫ ተክቶ ሲፈትን፣ ማለትም ተሳታፊዎች ከቀረቡላቸው ቅርጾች የታየውን እንዲለዩ ሲያደርግ፣ የስሙ ተጽዕኖ አልታየም። ስለዚህ ስሙ የተቀመጠውን አሻራ ለውጦታል ከማለት ይልቅ፣ ሠዓሊው አሻራው ያልያዘለትን ዝርዝር በሚሞላበት ሰዓት ስሙን እንደ ፍንጭ ተጠቅሞበታል ማለት ይቀላል። ይህ ልዩነት ወደ ምስክርነት ጉዳይ ስንደርስ እንደገና ያስፈልገናል።

ቅድመ ዕውቀት ያልነበረን ነገር ጭምር ሊጨምር እንደሚችል ያሳዩት ዊልያም ብሩወርና ጄምስ ትሬየንስ ናቸው። በ1981 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች ለሙከራው ተራ የሚጠብቁ መስሏቸው በአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ቢሮ ውስጥ ለ35 ሰከንድ ያህል ቆዩ። ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ተወስደው በቢሮው ያዩትን ሁሉ እንዲጽፉ ተጠየቁ። በቢሮው ውስጥ አንድም መጽሐፍ አልነበረም፤ ይሁንና ወደ ሲሶ የሚጠጉት መጻሕፍት እንዳዩ ጻፉ። ስሕተቱ ወዴት እንዳዘነበለ ልብ ማለት ያሻል፦ በምሁር ቢሮ የሚጠበቀው መጽሐፍ ነው፤ የተጨመረውም መጽሐፍ ሆነ።

ስለ ወሰንና ስለ ቦታ

ቅድመ ዕውቀት የሚሠራው በስም በሚጠሩ ነገሮች ላይ ብቻ ቢሆን መዛባቱ የቋንቋ ጉዳይ ነው ማለት ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ ስም በሌላቸው ነገሮች፣ በርቀትና በቦታም ላይ ይታያል።

ሄለን ኢንትራውብና ማይክል ሪቻርድሰን በ1989 ተሳታፊዎች ያዩትን ፎቶግራፍ ከትውስታ እንዲሥሉ ጠየቁ። ከሥዕሎቹ 95 በመቶ ያህሉ ከፎቶግራፉ ጠርዝ ውጭ የቀረውን፣ ተሳታፊዎቹ ፈጽሞ ያላዩትን አካባቢ ጨምረው ተገኙ። ይህ ክስተት የወሰን መስፋት ተባለ። የተሰጠው ማብራሪያም አእምሮ ፎቶግራፍን እንደ ወረቀት ቁራጭ ሳይሆን ወደ ሰፊ ትዕይንት እንደተከፈተ መስኮት ስለሚቀበለው ከጠርዙ ባሻገር ሊኖር የሚገባውን አብሮ ይይዛል የሚል ነው።

ለሦስት አሥርት ዓመታት ይህ ስሕተት በሁሉም ትዕይንቶች ላይ ወደ አንድ በኩል ብቻ እንደሚሄድ ሲታመን ቆየ። በ2020 ግን ዊልማ ቤይንብሪጅና ክሪስ ቤከር 1,000 የተለያዩ ምስሎችን በመጠቀም ሲፈትኑ ወሰኑ የሚሰፋባቸውና የሚጠብባቸው ምስሎች ተመጣጣኝ ሆነው አገኟቸው። ከቅርብ የተነሱ ምስሎች በትውስታ ይሰፋሉ፤ ከሩቅ የተነሱ ደግሞ ይጠብባሉ። ቀደምት ጥናቶች በአብዛኛው የተጠቀሙት አንድ ወይም ጥቂት ቁሳቁሶች ከቅርብ የሚታዩባቸውን ፎቶግራፎች ነበር። ስለ መለኪያ ዘዴው የሚደረገው ክርክር ገና አልተዘጋም። ያም ሆኖ ይህ ውጤት አንድ አሳብ ያጠናክራል፦ ትውስታ ምስሉን ወደተለመደው የመመልከቻ ርቀት ይስበዋል፤ የቀረበውን ያርቀዋል፣ የራቀውን ያቀርበዋል።

ይህንኑ ወደ መሐል የመሳብ ባሕርይ በቀላሉ የሚያሳየው የጃኔሊን ሃተንሎከር፣ የላሪ ሄጅስና የሱዛን ደንካን የ1991 ሙከራ ነው። ተሳታፊዎች በክብ ውስጥ ለቅጽበት የታየችን አንዲት ነጥብ ቦታ በባዶ ክብ ላይ መልሰው እንዲያመለክቱ ተጠየቁ። ክቡ በምንም መስመር ባይከፈልም መልሶቻቸው አእምሯቸው በቁምና በአግድም መስመር ለአራት እንደከፈለው አመለከቱ፤ ነጥቧን ከእውነተኛ ቦታዋ ይልቅ ወደ ሩብ ክፍሉ መሐል አስጠግተው አስቀመጧት።

ለምን መዛባቱ ይኖራል?

ሃተንሎከርና ባልደረቦቿ የሰጡት ማብራሪያ ከላይ የተጠቀሱትን ብዙዎቹን ግኝቶች በአንድ ላይ ይይዛል። አንድን ነገር ስናስታውስ ሁለት ምንጮችን እናጣምራለን። አንዱ ያየነው ነገር የተወው ዝርዝር አሻራ ነው፤ ሌላው ነገሩ ስለሚመደብበት ክፍል ያለን አጠቃላይ ዕውቀት ነው። ለእያንዳንዱ የምንሰጠው ክብደት በአስተማማኝነቱ ልክ ነው። አሻራው ጥርት ያለ ከሆነ መልሱ ከአሻራው አይርቅም፤ አሻራው ከደበዘዘ ግን ዕውቀቱ ይጫነዋል።

ለማስረጃ ያህል ቀላል ስሌት እንውሰድ። አንድ ሰው ያየው ዱላ ርዝመት በአሻራው 30 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል፤ በዚያ ዓይነት ዱላዎች ላይ ያለው ልምድ ደግሞ አማካዩ 20 መሆኑን ይነግረዋል። የሁለቱ ምንጮች አስተማማኝነት እኩል ከሆነ የተሻለው ግምት 25 ይሆናል። ጊዜ አልፎ የአሻራው ክብደት ወደ አንድ አራተኛ ቢወርድና የዕውቀቱ ወደ ሦስት አራተኛ ቢወጣ ግምቱ ወደ 22.5 ይጠጋል። ሰውየው እየዋሸ አይደለም፤ እየገመተም አይመስለውም። የሚሰማው እንዳየው ማስታወሱ ነው።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ መዛባት የብልሽት ምልክት ነው ማለት አይቻልም። የደበዘዘን አሻራ ከልምድ ጋር ማጣመር በብዙ ነገሮች ላይ ሲሠራ አማካይ ስሕተቱን ይቀንሰዋል፤ አእምሮ ጥቂት መዛባትን ተቀብሎ ሰፊ መበታተንን ያስወግዳል። ጉዳቱ የሚመጣው የታየው ነገር ከተለመደው የተለየ ሲሆን ነው፤ ምርመራም ሆነ ችሎት የሚፈልገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያንን የተለየ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ መዛባቱ ሊተነበይ ይችላል። የነገሩን ክፍልና የሰዎቹን ልምድ የሚያውቅ ሰው ስሕተቱ ወዴት እንደሚያዘነብል አስቀድሞ ሊናገር ይችላል።

ማብራሪያው ሁሉን ይሸፍናል ማለት ግን አይደለም። ዲፓስሪ ፕራሳድና ዊልማ ቤይንብሪጅ በ2022 ባሳተሙት ጥናት 40 የታወቁ የንግድ ምልክቶችንና ገጸ ባሕርያትን ሲፈትኑ በ7ቱ ላይ ብዙ ሰዎች የሚጋሩት አንድ ዓይነት የሐሰት ትውስታ አገኙ። ለምሳሌ ፒካቹ የተባለው የጃፓን የካርቱን ገጸ ባሕርይ ጅራቱ ጫፍ ላይ ጥቁር ቀለም ያለው ሆኖ ይታወሳል፤ እውነተኛው ግን የለውም። ለዚህ ለሰባቱም የሚሠራ አንድ ማብራሪያ አልተገኘም፤ የተሳታፊዎቹ አተያይም ሆነ የቅድመ ዕውቀት ማዕቀፍ ብቻውን ሁሉንም አልፈታም። የስሕተቱ የጋራ መሆን ተረጋግጧል፤ መንስኤው ግን ገና የምርምር ጥያቄ ነው።

ከዕይታ በኋላ የሚገባ መረጃ

እስካሁን ያየናቸው መዛባቶች ከማየታችን በፊት ከነበረን ዕውቀት የሚመጡ ናቸው። ሌላ ምንጭም አለ፤ እርሱም ካየን በኋላ የምንሰማው ነው።

ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 የመኪና ግጭት የሚያሳይ ፊልም ለተማሪዎች ካሳዩ በኋላ የመኪኖቹን ፍጥነት ጠየቁ። በጥያቄው ውስጥ የለወጡት አንድ ግሥ ብቻ ነበር። መኪኖቹ ክፉኛ «ሲላተሙ» ምን ያህል ይፈጥኑ ነበር ተብለው የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት 40.8 ማይል ሲገምቱ፣ «ሲነካኩ» ተብለው የተጠየቁት 31.8 ማይል ገመቱ። በሁለተኛው ሙከራ 150 ተማሪዎች ፊልሙን ባዩ በሳምንቱ ተመልሰው የተሰበረ መስታወት አይታችሁ ነበር ወይ ተብለው ተጠየቁ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። «ሲላተሙ» የሚለውን ቃል ከሰሙት 50 ተማሪዎች 16ቱ፣ «ሲጋጩ» የሚለውን ከሰሙት 50 ተማሪዎች 7ቱ፣ ስለ ፍጥነት ካልተጠየቁት 50 ደግሞ 6ቱ አይተናል አሉ። አንድ ግሥ ከሳምንት በኋላ መስታወት ሰበረ።

ይህ የሚሆነው የመጀመሪያው አሻራ ስለሚጠፋ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት? ማይክል ማክሎስኪና ማሪያ ዛራጎዛ በ1985 ባቀረቡት ብልኅ ፈተና አሳሳቹን አማራጭ ከመልሶቹ አስወጡት፤ በእርሱም ምትክ ፈጽሞ አዲስ አማራጭ አስገቡ። አሳሳች መረጃው አሻራውን ደምስሶት ቢሆን ኖሮ የተሳሳቱት ሰዎች በእውነተኛውና በአዲሱ መካከል በገመቱ ነበር። ውጤቱ ግን አሳሳች መረጃ ካልሰሙት ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆነ። ይህም ቢያንስ በአንዳንድ ሁኔታዎች የመጀመሪያው አሻራ ሳይጠፋ እንደሚቆይና ሰዎች ግን ኋላ የሰሙትን ተከትለው እንደሚመልሱ ያሳያል። ከፕሬንቲስ ውጤት ጋርም ይገጥማል። ለተግባር ያለው ትርጉም ቀላል አይደለም፦ መዛባቱ በከፊል የሚፈጠረው በምንጠይቅበት መንገድ ከሆነ፣ መንገዱን በማረም በከፊል ልንከላከለው እንችላለን።

አሳሳች መረጃ ከጠያቂ ብቻ አይመጣም። ፊዮና ጋበርት፣ አሚና ሜሞንና ኬቨን አለን በ2003 ጥንድ ተሳታፊዎች አንድን ድርጊት ከተለያየ ማዕዘን በተቀረጸ ፊልም እንዲያዩ አደረጉ፤ ተሳታፊዎቹ ግን ያዩት አንድ ዓይነት ፊልም መስሏቸው ነበር። ከዚያ ከተነጋገሩት ውስጥ 71 በመቶ የሚሆኑት ራሳቸው ሊያዩት የማይችሉትን፣ ከባልደረባቸው ብቻ የሰሙትን ቢያንስ አንድ ነገር እንዳዩ አድርገው ተናገሩ።

በፍትሕ ሚዛን ላይ

የእነዚህ ግኝቶች ዋጋ ጎልቶ የሚታየው በወንጀል ምስክርነት ላይ ነው። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት በ1984 የተፈጸመ አንድ የመድፈር ወንጀል ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ተጎጂዋ ወጣት ተማሪ ስትሆን በድርጊቱ ወቅት የአጥቂውን ፊት በልቧ ለመያዝ ሆን ብላ ተመልክታዋለች። ከቀረቡላት ፎቶግራፎች አንዱን መረጠች። ቆይቶም በአካል ከተሰለፉ ሰዎች መካከል ያንኑ ሰው መረጠች፤ በፎቶግራፍም በሰልፍም የቀረበው እርሱ ብቻ ነበር። መርጣ ስትጨርስ ምርጫዎቿ እንደተመሳሰሉ ተነገራት። በ1985 ሰውየው ተፈረደበት። በ1987 በተደረገው ሁለተኛ ችሎት እውነተኛው አጥቂ ፊቷ ቢቀርብም አላወቀችውም። በ1995 የዲኤንኤ ምርመራ የታሰረው ሰው ንጹሕ መሆኑን አረጋገጠ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ታስሮ ነበር።

ምስክሯ አልዋሸችም፤ ግድየለሽም አልነበረችም። የሆነውን ከላይ ባየነው መንገድ መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው ምርጫ የተመረጠውን ፊት አዲስ አሻራ አድርጎ አስገባው፤ ሁለተኛው ሰልፍ ያንኑ አጠናከረው፤ የሰማችው ማረጋገጫ ደግሞ እርግጠኝነቷን ከፍ አደረገው። የመጨረሻውን ነጥብ ጋሪ ዌልስና ኤሚ ብራድፊልድ በ1998 በሙከራ አሳይተዋል። የተሳሳተ ሰው ከመረጡ በኋላ ትክክለኛውን ተጠርጣሪ ለይታችኋል የተባሉት ተሳታፊዎች እርግጠኝነታቸው ከመጨመሩም በላይ ወንጀለኛውን በደንብ አይተነው ነበር፣ በትኩረት ተመልክተነው ነበር አሉ። ማረጋገጫው ወደ ኋላ ሄዶ የማየትን ትዝታ ጭምር አሻሻለው።

በአሜሪካ በዲኤንኤ ምርመራ ከተሻሩት የጥፋተኝነት ፍርዶች ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የዓይን ምስክር ስሕተት አስተዋጽኦ ነበረው። በዚህም ምክንያት የኒው ጀርሲ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 በሄንደርሰን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ የዓይን ምስክርነት የሚመዘንበትን መንገድ ከትውስታ ሳይንስ ጋር አስማምቶ አሻሻለ። በ2014 ደግሞ የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሰልፉን የሚመራው ፖሊስ ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ እንዲሆን፣ የምስክሩ የእርግጠኝነት ደረጃም ወዲያው በራሱ ቃል እንዲመዘገብ፣ ሂደቱም በቪዲዮ እንዲቀረጽ መከረ።

ይህ ሁሉ የዓይን ምስክር ዋጋ የለውም ወደሚል መደምደሚያ ሊወስደን አይገባም። ጆን ዊክስተድና ጋሪ ዌልስ በ2017 እንዳሳዩት፣ ፈተናው በአግባቡ ከተካሄደ በመጀመሪያው ምርጫ ላይ የሚገለጽ ከፍተኛ እርግጠኝነት ጥሩ የትክክለኛነት ምልክት ነው። ምልክትነቱ የሚጠፋው ከብዙ ጥያቄ፣ ከብዙ ሰልፍና ከብዙ ማረጋገጫ በኋላ ነው። ችሎት ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ይህንን የኋለኛውን እርግጠኝነት ነው።

ለምርምር ሥራ የሚተርፈው

ሰዎች ያዩትን በመጠየቅ መረጃ የምንሰበስብ ተመራማሪዎችም ከመርማሪ ፖሊስ ብዙ አንርቅም። የታሪክ፣ የሥነ ሰብእ፣ የጤናና የጋዜጠኝነት ጥናቶች በቃለ መጠይቅና በምልከታ ላይ የሚቆሙ በመሆናቸው ከላይ የቀረቡት ግኝቶች አራት ጥንቃቄዎችን ይጠይቃሉ።

የመጀመሪያው ስለ ጥያቄው ቃል ነው። መረጃ ሰጪው በራሱ አገላለጽ ሳይጨርስ ተመራማሪው ስም፣ ቁጥር ወይም ብርቱ ግሥ ካቀበለው፣ የሚመለስለት በከፊል የራሱ ቃል ነው። ጥያቄዎች ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ሲተረጎሙ ይህ አደጋ ይጨምራል፤ «ተጋጩ»ን «ተላተሙ» ብሎ የሚተረጉም ሰው መለኪያውን ለውጧል። ስለዚህ የጥያቄው ቃል በሁለቱም ቋንቋ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት።

ሁለተኛው ስለ መረጃ ሰጪዎች ብዛት ነው። አንድን ክስተት አብረው ያዩና ደጋግመው የተወያዩበት አሥር ሰዎች አሥር ነጻ ምስክሮች አይደሉም። በቡድን ውይይት የተገኘ ስምምነት ከመጥቀሳችን በፊት እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ምን ብሎ እንደነበር ማወቅ ይኖርብናል፤ ስለዚህ የግል ቃለ መጠይቅ ከቡድን ውይይት መቅደም ይገባዋል።

ሦስተኛው ስለ ጊዜ ነው። አሻራው እየደበዘዘ ሲሄድ ልማዱ እየበረታ ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ የተጻፈ የመስክ ማስታወሻ በቦታው ያልነበረውን «መጽሐፍ» ሊጨምር ይችላል፤ የተለመደውን አስገብቶ የተለየውን ያስቀራል። ማስታወሻው በዕለቱ ሊጻፍ፣ የታየውና የተገመተውም በየፊናቸው ሊቀመጡ ይገባል።

አራተኛው ስለ እርግጠኝነት ነው። መረጃ ሰጪው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ መጀመሪያ በተናገረበት ሰዓት ካልተመዘገበ በኋላ የሚሰጠው መልስ የትውስታውን ጥራት ከመመስከር ይልቅ ምን ያህል ጊዜ እንደተጠየቀና ምን ያህል እንደተደነቀለት ይመሰክራል።

መደምደሚያ

የዕይታ ትውስታ ብዙ ይይዛል፤ ያልያዘውን ግን ባዶ አይተወውም። ከልምድ፣ ከስም፣ ከሰው ቃል እያመጣ ይሞላዋል፤ የሞላውንም ካየው ለይቶ አያሳየንም። ባለቤቱ በሙሉ ቅንነት «በዓይኔ በብረቱ» የሚለው ለዚህ ነው። ቅንነቱን መጠራጠር አያስፈልግም፤ የምስክሩን ቅንነት መመርመር የትውስታውን ትክክለኛነት ከመመርመር የተለየ ሥራ ነውና። የሚያስፈልገው ስሕተቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ማወቅ፣ ሌሎች ሳይነኩት ቶሎ መመዝገብ፣ የጠያቂውንም እጅ ከመረጃው ላይ ማንሣት ነው። ብረትም ቢሆን በሚመታበት በኩል ይታጠፋል። የመርማሪም ሆነ የተመራማሪ ተግባር ምቱ ከየት በኩል እንደመጣ መጠየቅ ነው።